የዛገ ብሎንና የሚያፈስ ካራቫን

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለንብረት ጠባቂዎች፣ ለመጋዘን ሠራተኞችና ለተሽከርካሪ ስምሪት ባልደረቦች በአንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል



 ስለ ዝገት እንድናገር ስጠየቅ በመጀመሪያ አመንትቼ ነበር። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በማስታወቂያ ሥራ የተሰማራሁ፣ ዘመኔን በብዕርና በፎቶግራፍ መሣሪያ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ስለ ዛገ ብሎን ለመናገር የሚያበቃኝ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱንም ጥቂት ቆይቼ አወሳዋለሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ የድሬዳዋ ታሪክ ከዕቃ ማመላለስ ጋር የተቆራኘ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዪቱ ተቆረቆረች። ከዚያ በፊት ከዘይላ እስከ ሐረር ጭነቱን በግመል እየነዳ ይመላለስ የነበረውን የነጋዴ ጉዞ አባቶቻችን ቅፍለት ወይም ሲራራ ይሉት ነበር። ካራቫን የሚለው ቃልም ከፋርስ ተነሥቶ በፈረንጆች አፍ አልፎ ሲደርሰን የመጀመሪያ ትርጉሙ ይኸው ነው። ዛሬ ግን ቃሉን የምንጠራበት ነገር ጎማ ተገጥሞለት በመኪና የሚጎተተው ቤት ሆኗል። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ የሚተርፈው፣ ለሐኪም፣ ለመዝጋቢ፣ ለመጋዘን ተቆጣጣሪ ቢሮም መኝታም የሚሆነው ያ ነጭ ቤት ማለቴ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርና የጅቡቲ መንገድ ከወደብ የሚያመጡትን ጭነት በዚህ አካባቢ እንቀበላለን። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና በዚሁ ስፍራ ተመርቋል። ድርቅ በደረሰ ጊዜ ወደ ምሥራቁ ቆላ የሚወጣው ካራቫንም ቢሆን፣ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ቀን የሚቆምበትና በእናንተ እጅ የሚያልፍበት ቦታ ይኸው ነው።

እንግዲህ ብዙ ሰው ሲናገር የምሰማው አንድ ስሕተት አለ። «ድሬዳዋ ቆላ ነው፤ ፀሐይ እንጂ ዝናብ የለም፤ ብረት የሚዝገው ደጋ ነው» ይባላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የዚህ አገር ዝናብ ጥቂት ነው፤ ሲመጣ ግን በአንድ ሌሊት ይመጣል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደው በዚህችው ደረቅ በምትባለው ከተማ ነው። ያ ጎርፍ ያስከተለው ኀዘን ከአንድ ጣራ ማፍሰስ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ የጠቀስሁት የዝናቡን ጠባይ ለማሳየት ብቻ ነው። ለወራት ደርቆ የሰነበተ ጣራ ድንገት የሚፈተነው እንዲህ ባለው ዝናብ ነው።

ፀሐዩስ ምን ያደርጋል? የካራቫን ጣራና ግድግዳ በአብዛኛው ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው፤ ከሥሩ የእንጨት ሞራሌ፣ ከውስጥ ደግሞ ኮምፔንሳቶ አለ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይለጠጣል። ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ጣራ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ እስከ ቀኑ ግለት 40 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ማታ ደግሞ ይሰበሰባል። ብረቱ ግን በዚያው ልክ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ መሳሳብ በየቀኑ የሚደገም ስለሆነ ብሎኑ የተተከለበት ቀዳዳ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ከብሎኑ ራስ ሥር ያለችው የጎማ ሮንዴላ ደግሞ ፀሐይ ሲያቃጥላት ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ክረምት ሳይገባ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ውኃው ገና አልመጣም እንጂ።

ከዚህም ሌላ ጨው አለ። ካራቫኑ ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ ወደብ የወረደ ከሆነ የባሕር ጨው በብሎኖቹ ራስና በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ስለዚህ ዝናብ ሳይዘንብ በሌሊት ጤዛ ብቻ ዝገቱ ይቀጥላል። በንጹሕ ውኃ አጥቦ መቀበል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ስንቶቻችን አድርገነዋል?

አሁን ወደ ብሎኑ እንምጣ። የብረት ብሎን ከዝገት የሚጠበቀው በላዩ በተቀባው ስስ የዚንክ ሽፋን ነው። ዚንኩ ለብረቱ ቤዛ ሆኖ እርሱ አስቀድሞ ይበላል፤ ሲያልቅ ብረቱ ይጀምራል። ብረት ዝገት ሲሆን ከቀድሞው ይዘቱ በብዙ እጅ ይፋፋል። ስለዚህ የዛገ ብሎን ሳስቶ የሚጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ አብጦ በዙሪያው ያለውን ማጣበቂያ የሚገፋና እንጨቱን የሚሰነጥቅ ጭምር ነው። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ ደግሞ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። በዚህ ጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የአሉሚኒየም ዝገት ቀይ አይደለም፤ ነጭ ዱቄት ነው። ብዙ ጠባቂዎች ያን ነጭ ዱቄት አቧራ መስሏቸው በጨርቅ ሲጠርጉት አይቻለሁ። ከብሎን ራስ ሥር እንደ ሻይ የወረደ ቡናማ መስመር ወይም ነጭ ዱቄት ካያችሁ ውኃ ከዚያ አልፎ ገብቷል ብላችሁ ጀምሩ። አልገባም የሚለው መረጋገጥ ያለበት በኋላ ነው።

በመግቢያዬ ቃል የገባሁትን ላውሳ። በ2008 ዓ.ም. ነው። ያ ዘመን ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ የሆነበት ጊዜ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በምሥራቁ ቆላ በአንድ የእህል ማከፋፈያ ጣቢያ ለመዝጋቢዎች ቢሮ እንዲሆን አንድ አሮጌ ካራቫን ተላከ፤ እኔም ጉዞውን ለመዘገብ አብሬ ሄድሁ። ከመነሣቱ በፊት ታድሷል ተብሎ ነበር። እውነትም ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያበራ ነበር። ፎቶግራፍ አነሣሁት፤ ከሥሩም «ተጠግኖ ለአገልግሎት የበቃ ተንቀሳቃሽ ቢሮ» ብዬ ጻፍሁ። ጣራው ላይ አልወጣሁም። ከፍሬም እስከ ፍሬም በእጄ አልዳሰስሁም። መሰላል እንኳ አልጠየቅሁም።

የተመኘነው የበልግ ዝናብ መጣ። ሕዝቡ እልል አለ፤ እኛም አብረን ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መዝጋቢው ከመቀመጫው ሥር ካለው ሣጥን የተረጂዎችን መዝገብ ሲያወጣ ወረቀቱ እንደ እንጀራ ተጣብቆ፣ ቀለሙ ሰማያዊ ውኃ ሆኖ ወጣ። ውኃው በማዕዘኑ የጣራ ሐዲድ ላይ ባሉት የዛጉ ብሎኖች ገብቶ፣ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ፣ ምንም ሳይታይ ሣጥኑ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። ቅጂው ወደ ወረዳ ገና አልተላከም ነበር። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታደል የነበረው በስም ነበር፤ ስም ከሌለ እደላ አልነበረም። ሦስት ቀበሌ እንደገና እስኪመዘገብ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ።

በነዚያ ቀናት በሰልፉ ውስጥ የነበሩ አንዲት የሶማሌ አሮጊት ነበሩ። አስተርጓሚያችን «ሁዮ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ እናቴ ማለት ነው። በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ዝናብ እንዲመጣ ስለምን ከረምን፤ ሲመጣ ስማችንን አጠበው።» በቁጣ አልተናገሩም። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ወደ ቤቴ ተመልሼ ያነሣሁትን ፎቶግራፍ በብርሃን ሳየው፣ በማዕዘኑ ሐዲድ ላይ ከቀለሙ ሥር ያበጡት የብሎን ራሶች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ፎቶግራፉ ዐይቶ ነበር፤ እኔ ግን ጽሑፌን ነበር የማየው።

ወደ ሥራው ልመለስ።

ምርመራ ሲባል በመጀመሪያ አፍንጫ ነው። ካራቫኑ አንድ ሌሊት በርና መስኮቱ ተዘግቶ ይደር፤ ጠዋት በሩን የሚከፍተው ሰው ሻጋታ ከሸተተው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ቀጥሎ እጅ ነው። በመስኮቶች ሥር፣ በጣራው ማዕዘን፣ በቁም ሣጥኖች ውስጥ፣ በመቀመጫ ሥርና በጎማው ከለላ ዙሪያ ኮምፔንሳቶው በአውራ ጣት ይጫን። ጤናማው ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው እንደ ዳቦ ይሰረጉዳል። የእርጥበት መለኪያ ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ የእንጨቱ እርጥበት እስከ 15 በመቶ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ15 እስከ 20 ከሆነ በየወሩ እንዲለካ ይመዝገብ፤ ከ20 በላይ ከሆነ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ መፈለግ አለበት፤ ከ30 ካለፈ እንጨቱ መበላሸቱን ገምቱ። ንባቡ በአንድ ቦታ ብቻ አይወሰድ። መለኪያው ከብረት ጋር ከተነካካ ስለሚያታልል ብሎን ካለበት ፈቀቅ ብሎ መለካት ይገባል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። እርጥበቱ የታየበት ቦታና ውኃው የገባበት ቦታ አንድ አይደሉም። ውኃ በጣራው ሞራሌ ላይ ሁለት ሜትር ተጉዞ በሌላ ጥግ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ በጎማ ቱቦ የሚደረገው ፈተና ከታች ወደ ላይ መሆን አለበት። አንድ ሰው በውስጥ ባትሪ ይዞ ይቆማል፤ ሌላው በውጭ ሆኖ በዝግታ የሚወርድ ውኃ በታችኛው መጋጠሚያ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ያፈስሳል፤ ምንም ካልታየ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያም ወደ ላይኛው ሐዲድ፣ በመጨረሻ ወደ ጣራው ይወጣል። ከላይ የጀመረ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያረጥብ ምንም አያውቅም። በግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያም አይጠቀሙበት፤ ደህናውን ማጣበቂያ እርሱ ራሱ ይገነጥለዋልና።

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ የዛገውን ብሎን ማውጣት ይመጣል። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። ካቻቪቴውን ገጥሞ በጉልበት የሚጠመዝዝ ሰው የብሎኑን ራስ ይሰብረውና ግማሹን እንጨቱ ውስጥ ያስቀረዋል። አስቀድሞ የብሎኑ ራስ መስመር ከቀለምና ከዝገት ይጽዳ፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይንጠብበትና ይደር፤ በማግስቱ የጋለ የብየዳ ካውያ ራሱ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደረግበት። ዘይት የተነካ ቦታ ላይ ነበልባል ከቶ አይቅረብ። ከዚያም መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ወደ መፍታት ይሞከር። ይህን ዘዴ ያስተማረኝ የከዚራ ሰፈር አሮጌ መካኒክ ነው፤ «ብሎን እንደ በቅሎ ነው፤ ወደ ኋላ እንድትሄድ ከፈለግህ ፊት አንድ እርምጃ ስጣት» ይል ነበር። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ይውጡ እንጂ ሐዲዱ በሙሉ በአንድ ጊዜ አይፈታ። ረጅም ሐዲድ አንዴ ከተነሣ ጠምዝዞ ስለሚቀር ቦታው ላይ መመለሱ ከባድ ነው።

ብሎኑ ሲወጣ ርዝመቱን ተመልከቱ። ራሱ ብቻ ዝጎ ጥርሱ ንጹሕ ከሆነ ውኃው ወደ ውስጥ አልደረሰም። ጥርሱ ጠቁሮና ረጥቦ ከወጣ፣ ወይም የእንጨት ጭቃ ይዞ ከመጣ፣ ሞራሌው ታሟል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ በረዘመ ብሎን መሙላት የተለመደ ነው፤ ለጊዜው ይይዛል፤ ነገር ግን የበሰበሰ እንጨት የወፈረ ብሎን ስለገባበት አይድንም። ውስጡ ተከፍቶ፣ የተበላሸው ተቆርጦ፣ በደረቅ ሞራሌ መተካት አለበት። እንጨቱ ደህና ሆኖ ቀዳዳው ብቻ ከሰፋ ግን የእንጨት ኩርንችት በሙጫ ተተክሎ እንደ አዲስ ይበሳል።

አዲሱ ብሎን የማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል። ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ ከራሱ ሥር የጎማ ሮንዴላ ይግባለት፤ ጥርሱም በማጣበቂያ ይነከር። የነሐስ ወይም የመዳብ ብሎን በአሉሚኒየም ላይ ፈጽሞ አይተከል፤ ከብረቱ የባሰ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ሐዲዱ በሚያርፍበት ላይ ያለው አሮጌ ማጣበቂያ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ በቢላዋ የሚፍቅ ሰው ላሜራውን ይጭረዋልና። በምትኩ ሳይደርቅ ለረጅም ዘመን ለስላሳ ሆኖ የሚኖረው የቡቲል ማጣበቂያ ይደረግ።

ስለ ሲሊኮን ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ በየሱቁ የሚገኘውና ርካሹ እርሱ ስለሆነ። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱም ዚንክንና ብረትን ይበላል። ከዚህም በላይ ሲሊኮን በተቀባበት ቦታ ላይ በኋላ ሌላ ማጣበቂያም ሆነ ቀለም አይዝም። በሐዲዱ ጠርዝ ላይ ከውጭ የሚጎተት የሲሊኮን መስመር ውኃውን ከመከልከል ይልቅ የገባው እንዳይወጣ ያግደዋል። ተረጂው የተቀበለን በር ዘግተን ውኃውን ከውስጥ አሰርነው ማለት ነው።

ዝገት ላይ ቀለም መቀባትም ከዚህ የሚለይ አይደለም። አስቀድሞ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሑ ብረት ይፋቅ፤ በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀባ፤ ከደረቀ በኋላ ቀለሙ ይከተል። ከሥር ያለውን የብረት ሻንሲ በተመለከተም ያው ነው፤ ብቻ በሻንሲው ላይ ዚንክ የተነከረ ከሆነ አይፋቅ፣ ይታጠብ እንጂ።

እንግዲህ ቆላነታችን የሚጠቅመን አንድ ቦታ አለ። የረጠበ ካራቫን ከመዘጋቱ በፊት መድረቅ አለበት፤ ደጋ ላይ ይህ ሳምንታት ይፈጃል። እዚህ ግን ኮምፔንሳቶው ተገንጥሎ፣ በርና መስኮቱ ተከፍቶ፣ በበጋው ነፋስ ጥቂት ቀን ቢቆም በቂ ሊሆን ይችላል። በመለኪያ ሳይረጋገጥ ግን አይዘጋ። እርጥብ እንጨት በአዲስ ኮምፔንሳቶ መሸፈን ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ ተናግሬያለሁ።

በካራቫን ውስጥ እህል ስለማስቀመጥ ጠይቃችሁኝ ነበር። ባይደረግ ይሻላል። ስንዴና በቆሎ በደህና የሚቀመጡት እርጥበታቸው ከ13 ወይም ከ14 በመቶ ሳይበልጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይይዛቸዋል፤ የበቆሎ ሻጋታ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያፈራል፤ መርዙም በማብሰል አይጠፋም። ግድ ሆኖ ለጥቂት ቀን ከተቀመጠ ጆንያው ከወለሉ በጣውላ ከፍ ይበል፤ ከግድግዳውም ይራቅ። መድኃኒትና መዝገብ ግን በካራቫን መቀመጣቸው ስለማይቀር፣ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ በሚገጠም የፕላስቲክ ሣጥን ይሁኑ። የመዝገቡም ቅጂ በዚያው ዕለት ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ። ይህን የመጨረሻውን መመሪያ በየጣቢያው በቃሌ ስናገር ብዙ ጊዜ ተስቆብኛል፤ ግድ የለም።

በመጨረሻም የርክክብ ቅጹን በሚመለከት። አሁን ባለው ቅጽ ላይ «የካራቫኑ ሁኔታ» ከሚለው ፊት ለፊት አንድ ቃል ብቻ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ሁላችንም «ደህና» እንጽፋለን። ኃላፊዎቻችን ቅጹን እስኪያሻሽሉት ድረስ በጀርባው ላይ ሦስት ነገር እንዲጻፍ እጠይቃለሁ፤ ጣራው ላይ ማን እንደ ወጣ፣ በስንት ቀን እንደ ወጣ፣ ስንት ብሎን ዝጎ እንዳገኘ። ቁጥር የሚጽፍ ሰው መቁጠር ይኖርበታልና።

በግቢው ውስጥ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ሁለት ካራቫኖች ቆመዋል፤ ነገ ጠዋት ይወጣሉ ተብሏል። የግራው በማዕዘኑ ሐዲድ ላይ ቡናማ መስመር አለው፤ ስገባ አይቼዋለሁ። መሰላልና የውኃ ቱቦ እንዲመጣ ጠይቄያለሁ። ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከውስጥ ይግባ፤ እኔ ጣራው ላይ እወጣለሁ።